ዶክተር መቶ ሃያ

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከመታወቂያው ላይ በቀር የሚጠራበት የለም። ከተማው በሙሉ «ዶክተር መቶ ሃያ» ነው የሚለው። ሚስቱም ስትናደድበት «መቶ ሃያ!» ትለዋለች፤ ስታቆላምጠው ደግሞ ወደ «መቶዬ» ታወርደዋለች። ቁጥሩ የቤት ቁጥር አይደለም፤ የአውቶብስ መስመርም አይደለም። ሰውየው የዕድሜውን ግማሽ ገብሮ ከሰማይ ያወረደው ቁጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተሩ የከባቢ አየር ተመራማሪ ነው፤ ሥራው ኃይለኛ ዝናብ መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚጥል አስቀድሞ ማወቅ ነው። ገና ፀጉሩ ከግንባሩ ሳይሸሽ፣ ከየጣቢያው የመጣውን የዝናብ ልኬት ሰብስቦ ሲደረድር አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ተራራ ላይ ይሁን ሜዳ ላይ፣ በየትኛውም ጣቢያ በአንድ ቀን ከመቶ ሃያ ሚሊሜትር በላይ ዘንቦ አያውቅም። መቶ አሥራ ስምንት አለ፤ መቶ አሥራ ዘጠኝ አለ፤ መቶ ሃያማ በሽ በሽ ነው። መቶ ሃያ አንድ ግን ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። ወረቀት ላይ ሲስለው መስመሩ ሽቅብ ይወጣ ይወጣና እላዩ ላይ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን «ይሄ ነገር በጤናው ነው?» ይል ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰማይ ልክ አለው አለ። «የዝናብ ልክ» የሚል ጥናት ጻፈ፤ በእሱም ዶክተር ተባለ።

በየስብሰባው የውጭ ሊቃውንት «እኛ ዘንድ እኮ በአንድ ቀን ሦስት መቶም ይጥላል» ሲሉት ፈገግ ይላል። «የእኛ ተራሮች ደመናውን በየመንገዱ ያራግፉታል፤ እኛ ጋ ሲደርስ የቀረችውን ነው የሚያወርደው» ይላቸዋል። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ ጺሙ ደግሞ እስከ ደረቱ የወረደ፣ የተበጠረ፣ ሙሉ ጺም ነው። እንዲህ ያለ ጺም ያለው ሰው ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሊቃውንቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ይጽፉታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ አገር ያመነው ግማሹን በቁጥሩ፣ ግማሹን በጺሙ ነው።

ከተማው ድልድዩን በመቶ ሃያ ሠራ። የጎርፍ መውረጃውን በመቶ ሃያ ቆፈረ። ማዘጋጃ ቤቱ በወንዙ ዳርና ዳር በየግድግዳው ላይ ቀይ መስመር አሰመረ፤ ሰማይ ያለ የሌለውን ቢያወርድ ውሃው እዚህ ድረስ ነው፣ ከዚህ አያልፍም ማለት ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ቦታ ቤት ይሠራበት ተባለና ተሠራበት። ታናሽ እህቱም ሳትቀር እዚያው ሰፈር ቤት ገዛች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛውን ክፍል የስፌት ቤት አደረገችው። የበሯ ደረጃ ከቀይ መስመሩ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። ቤቱ የተመረቀ ዕለት ዶክተሩ ብርጭቆውን ይዞ ደረጃው ላይ ቆመና፣ «ውሃ ይህችን ደረጃ ከረገጠ ጺሜን እላጨዋለሁ!» አለ። እንግዳው ሁሉ አጨበጨበለት። ከዚያ ዕለት ወዲህ በዚያ ሰፈር ደመና ሲጠቁር የሚደናገጥ ሰው ከታየ ጎረቤቱ «የዶክተሩ ጺም አለልህ፤ ምን አስጨነቀህ?» ይለዋል።

እንዲህ ሲከበር ኖሮ የዕድሜ ልክ ሽልማት የሚቀበልበት ቀን ደረሰ።

ማለዳ ተነስቶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ገና ሳያደርግ በካልሲው ሳሎን መስታወት ፊት ቆመና ንግግሩን መለማመድ ጀመረ። የሳሎኑ ጣሪያ ያፈሳል። የዝናብ ሊቅ ቤት ጣሪያ ማፍሰሱን ሚስቱ ለሰው ሁሉ ስታወራው ነው የምትኖረው፤ እሱ ደግሞ በየዓመቱ «ዘንድሮ አሠራዋለሁ» ይላል። ማታውን ዘንቦ ስለነበር ከቀዳዳው ሥር ባልዲ ተቀምጧል።

«ስማ!» አለችው ሚስቱ ከወጥ ቤት። «ያ ባልዲ ምን ያህል ይዟል?»

ዶክተሩ ወደ ባልዲው ራመድ ብሎ አየው። እስከ አፉ ጢም ብሏል። «አንድ ባልዲ ነው የፈሰሰው!» አለ፤ በባለሙያ ድምፅ።

ሚስቱ እጇን እያደረቀች ብቅ አለችና እግሩን አይታ ሳቋን ለቀቀችው። «አንድ ባልዲ ብቻ? የቆምክበት ምንጣፍ ላይ ያለውስ የጎረቤት ነው?»

እውነትም የግራ ካልሲው በስብሶ ጣቶቹን አቀዝቅዟቸዋል። እየተነጫነጨ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ እርጥቡን አወለቀ፤ ደረቅ ካልሲ አንስቶ ግማሽ እግሩን እንዳስገባ ቀጥ አለ። እጁም፣ እግሩም፣ ትንፋሹም ቆመ። ባልዲውን አየ። ምንጣፉን አየ። እንደገና ባልዲውን አየ። አንድ ባልዲ ያለው ባልዲው ስለሞላ ነው። ከሞላ ወዲያ የወረደውን ባልዲው አያውቀውም።

«ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» አለችው።

«መቶ አሥራ ስምንት አለ» አለ፤ ዓይኑን ከባልዲው ላይ ሳይነቅል። «መቶ አሥራ ዘጠኝ አለ…»

«እንዲያ ነው፤ ሽልማት ሲመጣ ሰው ይረበሻል። ና ቁርስህን ብላ።»

ቁርስ ሳይበላ ወጣ። በአዳራሹ እንገናኛለን እያለች ከኋላው ስትጮህም አልሰማት።

በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣሩ መሐል ዝናብ መለኪያው ቆሟል። በየጣቢያው ያለው ሁሉ የዚህ ወንድም ነው። ውጭው ቆርቆሮ ጣሳ ነው፤ ውስጡ ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን የመስታወት መለኪያ አለ። ዝናቡ በላይ በኩል በማጥለያው ይገባል፤ መስታወቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጠዋት ጠዋት ይነበባል። ጣሳውን የሠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። መስታወቱ ሞልቶ ከፈሰሰ ትርፉ ውጭው ጣሳ ውስጥ ይቀራል፤ እሱም ይለካል ብለው ነው ሁለት ያደረጉት። ግን ከብዙ ዓመት በፊት፣ በጣሳው ሥር የሚቀረው ውሃ ቆርቆሮውን እያዛገ፣ ትንኝም እየፈለፈለ አስቸገረ ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው መክሮ ዘክሮ፣ በየጣቢያው ያለ ጣሳ ሁሉ ከሥሩ ይበሳ ብሎ ወሰነ። ተበሳ። ዝገቱም ቀረ፤ ትንኙም ጠፋ። የኮሚቴው ጸሐፊ ለዚህ ብልሃቱ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ተመሰገነ። ጸሐፊው ያኔ ገና ጺም አላበቀለም ነበር።

ዶክተሩ ከአትክልተኛው ቧንቧ አንድ ጆግ ውሃ ቀድቶ ማጥለያው ላይ አንቆረቆረ። መስታወቱ ሞላ፦ መቶ ሃያ። ሌላ ጆግ ጨመረ። መቶ ሃያ። ሦስተኛውን ደገመ። መስታወቱ መቶ ሃያ ላይ ድርቅ ብሏል፤ ትርፉ በጣሳው ቀዳዳ ወርዶ ቀኝ ጫማው ውስጥ ገባ። ዛሬ ለካልሲ የተባረከ ቀን አልነበረም።

እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣበት። አገር ያጨበጨበለት የተፈጥሮ ሕግ ይህች ጣሳ ናት! ሰማይ ልክ የለውም፤ ልክ ያለው ብልቃጡ ነው። የጣሳውን ሆድ ራሱ በስቶ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ የሰማይን ሥርዓት በማግኘቱ ያለቀሰ ሰው ከእሱ በቀር የት ይገኛል? አፈረ። ፊቱ እስኪግል አፈረ። ከዚያ መስታወቱን ደፍቶ ወደ ቦታው መለሰው፤ የቀኝ ካልሲውን አውልቆ ጠመዘዘው፤ የጣሳውን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጎ ወተፈበት። 

ሲነሳ ወደ ትንበያ ክፍል ሄደ። የክፍሉ ኃላፊ ተማሪው የነበረች ሴት ናት፤ ጠንቃቃ፣ ምራቋን የዋጠች።

«ዶክተር! እንኳን ደስ አለዎት!» ብላ ብድግ አለች። «ምነው እግርዎ…»

«ተይው እሱን። የዛሬው ትንበያ ምን ይላል?»

«አይ፣ ኮምፒዩተሩ እኮ ዛሬም አብዷል!» አለች እየሳቀች። «ለዛሬ ከሰዓት ሁለት መቶ ስልሳ ሚሊሜትር ይላል።»

«አንቺስ ምን አደረግሽው?»

«ቆረጥኩት ነዋ! እርስዎ እንዳስተማሩን።»

ከመቶ ሃያ በላይ የመጣውን ሁሉ መቁረጥ የክፍሉ ደንብ ነው። መቁረጥም አይሉትም፤ «ማስተካከል» ነው የሚሉት። ኮምፒዩተሩ ስንት ጊዜ እንዳበደ ጠየቃት። በዓመት አንድ ሁለቴ ያብዳል አለችው። ያበደባቸው ቀኖች ምን ሆነው እንደነበር ሲጠይቃት ግን ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ድልድይ የተወሰደባቸው፣ ገበያ የሰጠመባቸው ቀኖች ነበሩና። ያኔ ሁሉ ጥፋቱ «በቆሻሻ የተደፈነ ቦይ» ነው ተብሎ ታልፏል። ዶክተሩ የባልዲውን፣ የካልሲውንና የጣሳውን ነገር ነገራት። ሰምታው ስትጨርስ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ታዲያ እስከዛሬ የቆረጥኩት ሁሉ…»

«ትክክል ነበር» አላት። «እብዱ እኔ ነኝ።»

ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረችና ሁለት መቶ ስልሳ ብላ ጻፈች። ማሽኑ ጮኸ። «ስህተት፤ ከዝናብ ልክ በላይ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ይህ ክልከላ እንዲገባ አሥር ጊዜ ደጅ ጠንቶ ያስወሰነው ዶክተሩ ራሱ ነው።

ዳይሬክተሩን ቢሮው ውስጥ ኮቱ ላይ አበባ ሲሰካ አገኘው። በጥሞና አዳመጠው፤ ሲያዳምጥ ደግ ፊት አለው። ሲጨርስ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«ዶክተር፣ ትሕትና ጥሩ ነው፤ ግን ልክ ይኑረው እንጂ!»

«ትሕትና አይደለም። ጣሳው ቀዳዳ ነው።»

«እሺ፣ አጥኚ ኮሚቴ እናቋቁማለን። ሰብሳቢው እርስዎ። ማክሰኞ ይጀምራል።»

«ዝናቡ እኮ ዛሬ ከሰዓት ነው!»

«ዶክተር፣ እስቲ ይዩት። ዛሬ ከመቶ ሃያ በላይ ብለን ማስጠንቀቂያ ብናወጣ፣ በሽልማትዎ ቀን ሳይንስዎን ካድነው ማለት ነው። እኔ ይህን አላደርግብዎትም። ለእርስዎ ያለኝ ክብር አይፈቅድልኝም።» ከዚያ ዝቅ ብሎ አየና፣ «ካልሲ ግን ያድርጉ፤ ካሜራ አለ» አለው።

ዶክተሩ ከቢሮው ወጥቶ እህቱ ጋ ደወለ። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሳም። ስፌት ላይ ስትሆን የመኪናው ድምፅ ሌላ ነገር አያሰማትም። ታክሲ ያዘና ወደ ወንዙ ሰፈር ወረደ። ሰማዩ ደግሞ ለነገሩ ያሾፈ ይመስል ጥርት ብሏል፤ ሰው ልብስ አጥቦ አስጥቷል። ተራራው ራስ ላይ ብቻ አንዲት ጥቁር ደመና ቁጭ ብላለች።

እህቱ አጎንብሳ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ ጥግ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ቬሎ ጫፍ ታስተካክላለች። ቬሎው የፊት ለፊት ጎረቤቷ የጸጉር አስተካካዩ ሴት ልጅ የሰርግ ልብስ ነው፤ ልጅቷ በሳምንቱ ታገባለች። ወሩን ሙሉ የደከመችበት ሥራ ነው።

«ወንድም ጋሼ! ሽልማቱስ?» አለች ስፒሎቹን እያወጣች።

«ተነሽ፤ እንውጣ። ዛሬ ውሃ ይመጣል።»

«ይምጣ። ከመስመሩ አያልፍ።»

«ያልፋል።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

«አያልፍም ያለውስ?»

«እኔ ነኝ!»

ሳቀች። «ታዲያ የትኛውን ልመን? ስንት ዘመን ያወቅኩትን ወንድሜን ነው ወይስ የዛሬ ጠዋቱን?»

አስረዳት። ባልዲውን ነገራት፤ ጣሳውን ነገራት። እሷ ግን ከመሐል ዓይኗ ባዶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈ። «ጋሼ፣ ካልሲህስ?» አለችው።

«ጣሳው ውስጥ ነው።»

ፊቷ ላይ የመጣው ፍርሃት የውሃ ፍርሃት አልነበረም። ወንድሟ ነው ያሳሰባት። ቀስ ብላ ወንበር ሳበችለትና ውሃ ልታመጣለት ገባች።

እልህ ያዘው። «አንቺ ካልወጣሽ እኔም አልወጣም!» ብሎ በሩ ደረጃ ላይ ተዘርፍጦ ተቀመጠ፤ ያው ጺሙን ያስያዘባት ደረጃ ላይ። ይህን በማድረጉ እህቱን ያስጨነቀ መስሎት ነበር። ያደረገውን ያየው ግን ቀና ሲል ነው። ጸጉር አስተካካዩ፣ ራዲዮው ዝናብ አለ ሲል ፈራ ተባ ብሎ ትልቁን መስታወቱን ነቅሎ ሊያሸሽ በር ላይ ደርሷል። ዶክተሩን አየና ፊቱ በራ።

«እርስዎ ራስዎ እዚህ ከተቀመጡማ ምን አስፈራኝ!» አለና መስታወቱን ወደ ቦታው ሊመልስ ተዘጋጀ። ከላይ በኩል ዕቃ ጋሪ ላይ ይጭኑ የነበሩ ባልና ሚስትም ማውረድ ጀመሩ። «መቶ ሃያ መጥቶ እህቱ ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል» የሚለው ወሬ ሰፈሩን ባንድ አፍታ አዳረሰው። ሰው ልቡ ተመለሰ።

ዶክተሩ ብድግ ብሎ ጮኸ። «ውጡ! ሂዱ! መቶ ሃያ ውሸት ነው! የጣሳ ቁጥር ነው!»

ሳቁለት። ትልቅ ሰው ሲቀልድ ደስ ይላል። አንዱም «ዶክተር፣ ቀልድም ያውቃሉ እንዴ!» አለ። ጮኾ ባስረዳ ቁጥር ያ የተከበረ ድምፁ፣ ያ የተበጠረ ጺሙ ሰዉን ይበልጥ ያረጋጋዋል። ዕድሜውን ሙሉ የገነባው መታመን እንዲህ ጉሮሮውን አንቆ ያዘው። ተራራው ላይ ያለችው ደመና ደግሞ አንዲት መሆኗ ቀርቶ ግማሹን ሰማይ ውጣለች፤ ነፋሱ የተሰጣውን ልብስ ማርገብገብ ጀምሯል።

እህቱ ውሃውን ይዛ ስትመለስ ዶክተሩ ስፌት ቤቱ ውስጥ ነበር። ቬሎውን ከመስቀያው መንጭቆ ብብቱ ውስጥ ሲያስገባ አየችው። ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።

«ጋሼ! ምን ልታደርግ ነው? ጋሼ!»

እግሬ አውጪኝ አለ። ተማሪ ከነበረበት ዘመን ወዲህ ሮጦ የማያውቅ ሰው፣ ሙሉ ልብስ እንደለበሰ፣ በአንድ እግር ካልሲ፣ ዳገቱን ተያያዘው። የቬሎው ጅራት ከኋላው ነፋስ ሞልቶበት ይንሳፈፋል። እህቱ የስፌት መቀሷን እንደያዘች ተከተለችው። «ያዙልኝ! ወንድሜ አበደ! ያዙልኝ!»

«የልጄን ቬሎ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ፤ መስታወቱን ጥሎ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጠ። ግማሽ ጺሙ አረፋ የሆነ ደንበኛውም ተከተለው። ከጋሪ የሚያወርዱት ባልና ሚስት፣ ልብስ የምትሰበስበው፣ በር ላይ ቆማ የምታወራው፣ ሕፃን የታቀፈችው፣ ሁሉም ወጣ። ዶክተር መቶ ሃያ የሙሽራ ልብስ ሰርቆ ሲሸሽ፣ እህቱ መቀስ ይዛ ስታባርረው ማየት በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኘው። ይህን ትቶ ቤት የሚቀመጥ ሰው በዚያ ሰፈር አልተፈጠረም። ሳይንስ ከቤቱ ያላወጣውን ሕዝብ ቬሎ አወጣው።

ዳገቱ ራስ ላይ ትምህርት ቤት አለ። ዶክተሩ ልቡ በአፉ ልትወጣ ስትደርስ የትምህርት ቤቱን በረንዳ ወጣና ቬሎውን ከሥር ካለው የጭቃ ኩሬ በላይ አንጠለጠለው።

«እንዳትጠጉኝ! ቤት የቀረ ሰው ካለ አምጡ! ሽማግሌ፣ ሕመምተኛ፣ ሕፃን፣ አንድ ሳይቀር! አለዚያ እለቀዋለሁ!»

የጸጉር አስተካካዩ ሽማግሌ አባት አልጋ ላይ ናቸው። እሱም እያማረረ፣ እየተራገመ፣ «ይሁን፣ እብድ አይከራከሩትም» ብሎ ከጎረምሶች ጋር ተመለሰ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ሊያመጡ ወረዱ። እህቱ መቀሷን ወደ ኋላ ደብቃ፣ «እሺ ጋሼ፣ እሺ የኔ ጌታ፣ ሁሉም ይመጣል፣ አንተ ብቻ ተረጋጋ» እያለች ታባብለዋለች። አዋቂ ሆኖ ሲለምናቸው የሳቁ ሰዎች፣ አብዷል ሲባል ያለውን ሁሉ አደረጉለት።

ሽማግሌው በተማሪ ዴስክ ላይ ተጭነው መጥተው ገና ሲወርዱ ሰማዩ ተቀደደ።

ስለ ዝናቡ ብዙ የሚወራ የለም፤ አጠገብ ያለ ሰው ድምፅ አይሰማም ነበር። ጋብ ሲል ወደ አጥሩ ሄደው ቁልቁል አዩ። ቀይ መስመሩ የለም። የእህቱ ቤት ደረጃም የለም። ቡናማው ውሃ የስፌት ቤቷን መስኮት ሰብሮ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የሳቀ የለም። ዶክተሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተነበየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ምነው በተሳሳትኩ ብሎ ተመኘ። ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እህቱ ቬሎውን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችና ለጸጉር አስተካካዩ ሰጠችው። ከዚያ የወንድሟን እጅ ያዘች። አላመሰገነችውም፤ አልወቀሰችውም።

መንገዱ ስለተቆረጠ እዚያው የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ አደሩ። ጠዋት ሚስቱ ዞራ በላይኛው መንገድ ደረሰች፤ ትናንት አዳራሹ ውስጥ ለብሳው የነበረውን የክት ልብስ እንደለበሰች ነው።

«ሽልማትህን ዳይሬክተሩ ወሰደልህ» አለችው አቅፋው እያለቀሰች። «እኔ ካልሲ አምጥቼልሃለሁ።»

ካልሲውን ሲያደርግ ጸጉር አስተካካዩ በስልኩ ራዲዮ ከፈተ። ትናንት የጣለው ዝናብ በዋናው ጣቢያ ሲለካ በትክክል መቶ ሃያ ሚሊሜትር ሆኖ መገኘቱን ራዲዮው ተናገረ። የዝናብ ልክ ግኝት በታላቁ ፈተና ቀን ዳግመኛ ጸንቷል አለ። ዳይሬክተሩም ቀርበው፣ ተሸላሚው በትሕትናቸው የተነሳ በአዳራሹ ባይገኙም ሰማዩ ራሱ መስክሮላቸዋል አሉ። ውሃው ቀይ መስመሩን ለምን እንዳለፈ በኮሚቴ እየተጣራ ነው፤ የተደፈነ ቦይ ሳይኖር አይቀርም።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዶክተሩን አየው። ዶክተሩ እህቱን አየ።

«በይ» አላት፤ አገጩን ቀና አድርጎ። «ደረጃሽን ረግጧል።»

«ምላጬን ሁሉ ውሃ በላው እንጂ እኔ በነፃ እላጭዎት ነበር» አለ ጸጉር አስተካካዩ፤ እያዘነ።

ከዚያ ሁሉ ቤትና ንብረት እህቱ እጅ ላይ የተረፈችው ያቺ መቀስ ናት። ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ የጸጉር አስተካካዩን ፎጣ አንገቱ ላይ አሰረችለት። «ቀና በል» አለችው። ጨርቅ እንደምትቆርጥ አድርጋ ከግራ ጆሮው ጀምራ ታወርደው ጀመር። እስከ አገጩ መሐል እንደደረሰች የዶክተሩ ስልክ ጮኸ። የትንበያ ክፍል ኃላፊዋ ናት።

«ዶክተር» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ካልሲዎን አገኘሁት።»

ዶክተሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ውጭው ጣሳ ውሃ ይዟል። ለካሁት። ከመስታወቱ ጋር ሲደመር ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ነው። ኮምፒዩተሩ አልቀበልም አለኝ። ዳይሬክተሩ ደግሞ ድፊው አሉኝ።»

«ደፋሽው?»

«አልደፋሁትም። ባልዲ ውስጥ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ሁለቴ ሰው ልከውብኛል። እኔ እንጃ እስከ መቼ እንደምችል፤ ቶሎ ይምጡ።»

ዶክተሩ ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ ተነሳ። ኮቱን ፈለገ።

«ወዴት ነው? ግማሹ ቀርቷል እኮ!» አለች እህቱ።

«ግማሹን እነሱ ይላጩኝ።»

እህቱና ሚስቱ ተያዩ። እህቱ መቀሷን ወገቧ ላይ ሻጠች፤ ሚስቱም የክት ልብሷን ጫፍ ሰብሰብ አደረገች። ሦስቱም ጭቃውን እየዘለሉ በላይኛው መንገድ ወጡ። በየመንገዱ ሰው ስለ ትናንቱ ዝናብ ያወራል፤ «መቶ ሃያ ነው አሉ፤ እሱ መቼ ይሳሳታል» ይባባላል። ባለ ግማሽ ጺሙን ሰውዬ አንዱም አላወቀው።